ቼስ ሞልቷል፤ ሰንጠረዣችንስ ወዴት አለ?

ሰንጠረዥ ምንድን ነው ተብሎ ዛሬ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቢጠየቅ፣ ቍጥር የሚሞላበትን ባለ መስመር ወረቀት፣ አለዚያም በኤክሴል የሚሠራውን፣ አለዚያም በኬሚስትሪ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ይጠቅሳል። መልሱ ስሕተት ነው አንልም። ዳሩ ግን ይህ ቃል የቢሮ ቃል ከመሆኑ በፊት የጨዋታ ስም ነበር። ነገሥታትና መኳንንት በቀይ ጨርቅ ላይ በተሰመረ ገበታ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ እያንቀሳቀሱ ይጫወቱት ነበር። ጨዋታው ከአደባባይ ጠፋና ስሙ ብቻ ለመዝገብ ቤት ተረፈ።

ይህን ነገር በዚህ ጋዜጣ ላይ እንድናነሣ ያደረገን የታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ነገሩ የተጀመረው በአሮጌ ኮምፒውተር ነው።

ማንኩሳን ብዙው አንባቢ የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ የትውልድ ቦታ ስለ ሆነች ነው። እኛ ግን የምናውቃት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምትገኝ፣ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልባት፣ ልጆቿም እንደ ማንኛውም የኢትዮጵያ ልጅ ኮምፒውተር መንካት የሚመኙባት አገራችን ስለ ሆነች ነው። ከዚያው አካባቢ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ባለፈው የዕረፍት ጊዜ፣ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ የተቈለፈባቸው ኮምፒውተሮች እንዳሉ ሰማንና በርእሰ መምህሩ ፈቃድ ገብተን አየናቸው። ቁልፉን የያዙት አዛውንት የንብረት ክፍል ሠራተኛ በሩን እየከፈቱ፣ «ልጆቼ፣ እነዚህ እኮ ካለቀላቸው ቆይተዋል፤ ለምን ትደክማላችሁ?» አሉን። «ጋሼ፣ ግድ የለም፤ አቧራቸውን ብቻ እንጥረግላቸው» ብለን ጀመርን።

አላለቀላቸውም ነበር። ያለቀው በውስጣቸው ያለው ዊንዶውስ ነው። እሱም ቢሆን ፈቃድ ያልተገዛለት፣ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲዞር የኖረ፣ በቫይረስ የተበላ ነበር። አንባቢ ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጕድ እንዳይመስለው፤ በየቤታችንም ያለው ይኸው ነው። ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይቀበልም። እንግዲህ በየገጠሩ ትምህርት ቤት የተቀመጠው ኮምፒውተር ሁሉ ዕጣው መጣል ነውን? ነው የሚል ካለ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ገና አልሞከረውም ማለት ነው።

ስለ ሊኑክስ ለማያውቁት በአጭሩ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት (ዕድሜውን ልብ ይሏል፤ የእኛው ዕድሜ ነው) የጀመረው ሲሆን፣ ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጭነው፣ ሊያባዛው፣ ውስጡን ከፍቶ ሊያየውና ሊለውጠው የሚችል ሥርዓት ነው። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ለነበሩት 2 ጊጋ ራም ላላቸው ማሽኖች ዴቢያንን ከቀላል ገጽታ ጋራ ጫንላቸው። ከመካከላቸው 32 ቢት የሆኑት ነበሩ፤ እነዚህን የሚቀበለው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ነው፤ በ2025 የወጣው 13ኛው ግን በእነሱ ላይ አይጫንም። ይህን የምንጽፈው ሌላ ተማሪ በአገሩ ይህንኑ ሲሠራ ሁለት ቀን እንዳይጠፋበት ነው።

ማሽኖቹ ሲነሡ የመንደሩ ልጆች በር ላይ ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ የጠየቀን ጥያቄ፣ «ጨዋታ የለውም?» የሚል ነበር። አንዳንድ መምህራን ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን እንደሚያኰሳትሩ እናውቃለን። ነገር ግን ኮምፒውተርን ማን ነው በትምህርት ብቻ የጀመረው? አይጡን መያዝ፣ ፋይል መክፈት፣ መሣሪያውን አለመፍራት የሚመጣው በጨዋታ ነው። ከጨዋታም ቼስ ይሻላል፤ ጩኸት የለውም፤ ጥይት የለውም፤ በአንድ ማሽን ፊት ሁለት ልጆችን ያስቀምጣል።

በዚህ ምክንያት ለሊኑክስ የሚሆን ቼስ ፍለጋ ገባን። ፍለጋው የሚያስቸግር መስሎን ነበር፤ ችግሩ የተትረፈረፈ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ በዚህ ዓለም ቼስ ሁለት ነገር መሆኑ ነው። አንደኛው ገበታውን የሚያሳየው ፕሮግራም ነው፤ ሁለተኛው ከበስተኋላ ሆኖ የሚያስበው ሞተር ነው። ሁለቱ በተወሰነ ደንብ ይነጋገራሉ። ስለዚህ አንዱን ገበታ ከሌላው ሞተር ጋራ ማጋባት ይቻላል። ከገበታዎቹ ለጀማሪ የሚሻለው በእኛ አስተያየት ግኖም ቼስ ነው፤ ባዶና ንጹሕ ነው፤ አንድ ልጅ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ፓይቼስ ከዚህ ይሰፋል፤ ስሕተትህን ያሳይሃል፤ ፍንጭ ይሰጥሃል። ኤክስቦርድ መልኩ ያረጀ ነው፤ ሆኖም በአሮጌ ማሽን ላይ እንደ በቅሎ የማይደክም እሱ ነው። የታላላቆችን ጨዋታ አከማችቶ ለማጥናት ለሚፈልግ ደግሞ ስኪድ አለ፤ ለማንኩሳ ልጆች ግን ገና ነው።

ከሞተሮቹ የታወቀው ስቶክፊሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንድ የኖርዌይ ሰው ሥራ ተነሥቶ አንድ ኢጣሊያዊ የቀጠለው ስለ ሆነ፣ በኖርዌይ ተይዞ በኢጣሊያ የሚበስለውን ደረቅ ዓሣ ስም አወጡለት፤ በእኛ አነጋገር ቋንጣ እንደ ማለት ነው። ይህ ቋንጣ ዛሬ በምድር ላይ ያለውን የቼስ ጌታ ሁሉ ያሸንፋል። ዲፕ ብሉ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ትልቅ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1997 ካስፓሮቭን በ3½ ለ2½ ሲያሸንፍ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ የሚበልጠው በነፃ በፍላሽ ይዞራል። ከልጆች ጋራ ለመጫወት ግን ይህ ሁሉ ኃይል አያስፈልግም፤ ለደካማ ማሽን ግኑ ቼስ ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ሁላችንንም ያሸንፋል።

ሊቼስ የተባለውን ለምን ተዋችሁት የሚል ይኖራል። እጅግ ያማረ ነው፤ ክፍያም ማስታወቂያም የለበትም። ነገር ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚረሳ የለም። በዚያ ዘመን በስልክ ብቻ ይማር የነበረው ተማሪ ባዶ እጁን ቀረ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም በግጭቱ ምክንያት ደጃቸው ተዘጋ። እኛ ከዚህ የተማርነው፣ ለአገር ልጅ የሚሰጥ ነገር ሽቦው ቢቈረጥም የሚኖር መሆን እንዳለበት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሞቹን ከነጥገኞቻቸው፣ ማለት እያንዳንዱ ፕሮግራም ያለ እነሱ ከማይሠራባቸው ፋይሎች ጋራ፣ ከዩኒቨርሲቲው አውርደን በፍላሽ ይዘን ሄድን። አንድ ማሳሰቢያ፤ የምታወርዱበት ዴቢያንና የምትጭኑበት ዴቢያን አንድ ቍጥር ካልሆነ ፋይሎቹ አይስማሙም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የምሥራች ነው። ወደ ዋናው ነገር የምንመጣው አሁን ነው።

የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ ልጆቹ ሲጫወቱ ቆመው ተመለከቱና፣ «ይቺ ሰንጠረዥ አይደለችም እንዴ? ወረራዋ ወዴት ሄደ?» አሉ። ከመካከላችን ጥያቄው የገባው አልነበረም።

ወረራ ማለት እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነ፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየጠበቀ የራሱን ይለውጣል፤ ያንቀሳቀሰውንም ሊመልስ ይችላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ነገሩ ይረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው የጕዞ መጽሐፉ ይህን አይቶ ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ደንብ ሰብስቦ አውጥቷል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ እንደ ተጫወቱ፣ እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ዐዋቂ እንደ ነበሩ ይነገራል። ጨዋታው ከ1928ቱ የኢጣሊያ ወረራ ወዲህ ከአደባባይ ጠፋ። የገበታውን ወረራ ያጠፋው የእውነተኛው ወረራ መሆኑ ያሳዝናል።

ከወረራው ሌላ የጠጠሮቹም አካሄድ ከዛሬው ቼስ ይለያል። ንጉሡ፣ ፈረሱና ደሩ ያው ናቸው። ነገር ግን በአውሮፓ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ንግሥትን ገበታውን ሁሉ እንድትሮጥ ሲያደርጓት፣ የእኛ ፈርዝ አንድ እርምጃ በማዕዘን የሚሄድ ትሑት አማካሪ ሆኖ ቀረ። ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል። መደቁም ሲነሣ እንደ ዛሬው ቼስ ሁለት ቤት አይሄድም። ስሞቹን ያየ ሰው ሰንጠረዥ ከሕንድ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣውን የጥንቱን ጨዋታ እንደ ያዘ ይረዳል። ደስ የሚለው ደግሞ የጨዋነቱ ደንብ ነው። በደር ወይም በፈረስ ኃይል ንጉሡን መግደል እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር፤ በደካሞቹ በነፊል፣ በነመደቅ መግደል ነበር የሚያስመሰግነው። በየትኛው የዛሬ ጨዋታ ነው አሸናፊው እንዴት እንዳሸነፈ የሚጠየቀው?

እንግዲህ ይህ ጨዋታ በሊኑክስ ይሠራልን? ኤክስቦርድ የዐረቦቹን ሻትራንጅ፣ የጃፓኖቹን ሾጊ፣ የቻይናዎቹን ሺያንግቺ፣ የታይላንዶቹን ማክሩክ ያጫውታል። ፌሪ ስቶክፊሽ የተባለው ሞተር ከዚህም አልፎ የኮሪያን፣ የበርማን፣ የካምቦዲያን ጨዋታ ያውቃል። እነዚህ ሁሉ እዚያ የገቡት ከሰማይ ወርደው አይደለም፤ ጨዋታቸውን የሚወድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ጻፈላቸው ነው። ወረራ ግን ለእነዚህ መሣሪያዎች እንግዳ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም የተሠሩት ተራ በተራ በሚል ደንብ ላይ ነው። ገበታው ሞተሩን «ሁኔታው ይህ ነው፤ ተራው የነጭ ነው፤ ምን ትላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሞተሩም አንድ እርምጃ ይመልሳል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ «ተራው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ትርጕም ያጣል። ሞተሩ የሚያስብበት መንገድም፣ እኔ ይህን ባደርግ እሱ ያን ያደርጋል የሚለው ሰንሰለት፣ ይበጠሳል።

ይህ ግን የማይፈታ አይደለም፤ እንዲያውም ለአራተኛ ዓመት የመመረቂያ ሥራ ልክ የሚሆን ነው እንላለን። ጨዋታውን ለሁለት መክፈል ይበቃል። ከመጀመሪያው ጠጠር መበላት በኋላ ያለው ተራ በተራ ስለ ሆነ ለፌሪ ስቶክፊሽ ይሰጣል፤ ይህ ሞተር አዲስ ጨዋታ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ደንቡን ዘርዝረህ እንድታስተምረው ይፈቅዳል፤ ፈርዝንና ፊልንም ከሻትራንጅ ያውቃቸዋል። የሚቀረን የራሳችን ሥራ ወረራው ብቻ ነው። ይኸውም ማሽኑ በየሰኮንዱ አንድ ጠጠር የሚያንቀሳቅስበት፣ ተጫዋቹም በራሱ ፍጥነት የሚያሰልፍበት፣ ጠጠር ሲበላ ደግሞ ሁኔታውን ጽፎ ለሞተሩ የሚያስረክብ ገበታ ነው። ማሽኑ በፍጥነት እንዳያጭበረብር እጁን ማሰር ያስፈልጋል፤ የሰው እጅ ያህል ብቻ። የገበታው ቃል ሁሉ በአማርኛ ይሁን። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ለዚህ የሚያግድ ነገር የለም።

ከጓደኞቻችን አንዱ ይህን ሲሰማ፣ «አገር በዚህ ችግር ላይ ሳለች እናንተ የሞተ ጨዋታ ትቀሰቅሳላችሁ?» አለን። ንግግሩ የሚናቅ አይደለም። እህል የሚያበዛ፣ በሽተኛ የሚረዳ ፕሮግራም መጻፍ ይቀድማል ቢለን እንስማማለን። ነገር ግን እሱ ራሱ በአራት ዓመት ውስጥ የጻፈው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቀው፣ ከአሜሪካ የተቀዳ የሆቴል መመዝገቢያ ነው፤ እሱም ለማርክ። አንድ ነገር ደግሞ ይስማ። ጃፓኖች ለሾጊያቸው ሞተር ሲሠሩ፣ ዩ ናሱ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2018 በተራ ኮምፒውተር ላይ በፍጥነት የሚሠራ ገበታን የመመዘኛ አዲስ መንገድ አወጣ። በ2020 ስቶክፊሽ ያንኑ መንገድ ተቀበለና ከቀድሞው ይበልጥ በረታ። የአንድ አገር የቤት ጨዋታ የዓለሙን ቼስ አስተማረው ማለት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ማሽን እንዴት ያስባል የሚለው ጥያቄም የእኛ ወረራ ብቻ አይደለም፤ በአንድ መገናኛ ላይ የሚገናኙ መኪናዎች ጥያቄም ነው።

ከመምህሮቻችን የምንለምነው ብዙ አይደለም። የመመረቂያ ሥራ ርእስ ሲሰጥ ሰንጠረዥን ከዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡልን፤ የፓንክረስትንም ጽሑፍ ኮፒ ለቤተ መጻሕፍታችን ያስመጡልን። ኮዱን በዚህ በተባዛ ወረቀት ላይ ማተም አይቻልም፤ ለሚፈልግ ሁሉ ግን በፍላሽ እንሰጣለን።

ከተማሪዎች ደግሞ የምንፈልገው አለ። ደንቡ እንደ አገሩ ይለያይ ነበር፤ አንዳንዱ ፈርዝ ወደ ፈለገው አቅጣጫ አንድ ቤት ሄዶ የሚበላው ግን በማዕዘን ብቻ ነው ይላል፤ ሌላው መሄዱም መብላቱም በማዕዘን ነው ይላል። ፕሮግራም ደግሞ «እንደ አገሩ» የሚል መልስ አይቀበልም፤ ሁሉንም ጽፈን ተጫዋቹ እንዲመርጥ ማድረግ አለብን። ስለዚህ ለበዓል ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ደምበጫ፣ ወደ ማናቸውም አገር የምትሄዱ ሁሉ አያቶቻችሁን ጠይቁልን። ፈርዝ እንዴት ይሄዳል? ንጉሡ ሲነሣ የሚቆመው በቀኝ ነው በግራ? በወረራ ጊዜ አንድ መደቅ እስከየት ድረስ መግፋት ይቻላል? ንጉሡ ብቻውን ሲቀር ጨዋታው ያልቃል ወይስ ይቀጥላል? ሲያሸንፉ ምን ይላሉ? የሚናገሩትን በራሳቸው ቃል ጻፉት፤ የቀበሌውንም ስም ጨምሩ። በአንድ ሣጥን ውስጥ ቀይ ጨርቅ ወይም የቀንድ ጠጠር የተገኘ እንደ ሆነ ፎቶግራፉን አንሡ እንጂ ከባለቤቱ አትውሰዱ። የጻፋችሁትን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብትተዉልን፣ የደንቡን ፋይል ሠርተን በሚቀጥለው ሴሚስተር በእነዚያው አሮጌ ማሽኖች ላይ እንሞክረዋለን፤ የዕቃ ቤቱ ጋሼም የመጀመሪያውን ጨዋታ ሊጫወቱ ቃል ገብተውልናል።